ስለ ክረምቱ ዝናብ ትንበያና ስለ ደሴና ኮምቦልቻ ጎርፍ

በየዓመቱ ክረምት ከመግባቱ አስቀድሞ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የመጪውን ወራት የአየር ጠባይ ትንበያ ለሕዝብ ያስታውቃል። ማስታወቂያው በየመሥሪያ ቤቱ ሲነበብ ግን ብዙ ጊዜ የሚፈለግበት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ይኸውም «መደበኛ» ወይም «ከመደበኛ በላይ» የሚለው ነው። «መደበኛ» የተባለ እንደ ሆነ ሥጋት የለም ተብሎ የውሃ መውረጃው ቦይ ሳይጠረግ ይከርማል። ስሕተቱም ከዚህ ይጀምራል።

ትንበያው የሚናገረው ስለ ወራቱ ድምር ነው። ያለፉት ብዙ ዓመታት ዝናብ ካነሰው እስከ በዛው በተራ ተደርድሮ ከሦስት እኩል ይከፈልና፣ መጪው ክረምት ከሦስቱ ወደ የትኛው እንደሚያደላ በመቶኛ ይገመታል። ለምሳሌ ያህል ከመደበኛ በላይ 45፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በታች 20 ከመቶ ቢባል፣ ዝናቡ በርግጥ ይበዛል ማለት ሳይሆን የመብዛቱ ዕድል ይበልጣል ማለት ነው። ለግምቱም ዋና መሠረት ከሚሆኑት አንዱ የፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ ሙቀት ነው። ውሃው ከልኩ በላይ ሲሞቅ፣ ኤልኒኖ የሚባለው ነው፣ የወሎ ክረምት ብዙ ጊዜ ይሳሳል፤ ሲቀዘቅዝም፣ ላኒና የሚባለው ነው፣ ይበረታል። በ2007 ዓ.ም. ኤልኒኖ በጸና ጊዜ ወሎ እጅግ ከተጐዱት አገሮች አንዱ ነበረ፤ በተከታዩም ዓመት በመላው ኢትዮጵያ የምግብ ርዳታ የሚያሻው ሕዝብ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ስለዚህ ትንበያው የሚናቅ ነገር አይደለም።

ነገር ግን ጎርፍ የወራት ድምር አይጠብቅም፤ የአንድ ሌሊት ዝናብ ይበቃዋል። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዘመነ ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ቆጥረው ለየክፍሉ ስም ሲያወጡ፣ ከሐምሌ 19 እስከ ነሐሴ 9 ያለውን መብረቅ፣ ነጐድጓድ፣ ባሕር፣ አፍላግ ማለታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በኮምቦልቻ በዝናብ መለኪያ የተመዘገበውም ከዚህ ጋራ ይስማማል፤ ከዓመቱ ዝናብ ግማሽ ያህሉ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው።

ደሴ ከጦሳ ተራራ ግርጌ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ በ1,850 ሜትር ገደማ ትገኛለች። በመካከላቸው ያለው መንገድ ሐረጎን ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የቦርከና ወንዝም ከደሴ በኩል ቍልቍል ተወርውሮ ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ጨፋ ሜዳ ይፈስሳል። እንግዲህ በጦሳ ላይ የወረደው ውሃ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የኮምቦልቻ ውሃ ነው፤ በኮምቦልቻ ሰማዩ ጠርቶ ከዋክብት ቢታዩ እንኳ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። በድሬዳዋ የሆነው ይኸው ነበር። በ1998 ዓ.ም. ለሐምሌ 30 አጥቢያ በደጋው የዘነበው ዝናብ በደቻቱ አሸዋ ላይ ወርዶ የተኛውን ሕዝብ ወሰደው፤ የሞቱትም ከ200 በላይ ናቸው።

ደሴም ብትሆን ከላይ ስለ ሆነች ከአደጋ አላመለጠችም። በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል ያለው ተዳፋት ብዙው ልል አፈርና ድንጋይ ስለ ሆነ፣ ውሃ ሲጠግብ ይንሸራተታል፤ ቤትና መንገድ ሲሰነጠቅ የከተማው ሰው ከብዙ ዘመን ጀምሮ አይቶታል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ከ200 በላይ ሰው የቀበረው መሬት በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡትን ጭምር ነው የቀበረው። ስንጥቅ የታየበት ተዳፋት ዝናቡ ካባራ በኋላም ሊታመን አይገባም።

ዓመታዊው ትንበያ የሚጠቅመው ለዘር፣ ለእህልና ለገንዘብ ዝግጅት ነው። ለጎርፍ ግን የሚጠበቀው ኢንስቲትዩቱ በየ10 ቀኑና በየዕለቱ የሚያወጣው ማስታወቂያ ነው፤ ይህም ለመዝገብ ቤት ሳይሆን በወንዙ ዳር ለሚያድረው ሰው መድረስ ይኖርበታል። የደሴ ቦይ ቈሻሻ ተጥሎበት ሲደፈን ጉዳቱ በደሴ ብቻ አይቀርም፤ ጎርፉ የጠረገው ሁሉ በቦርከና ወርዶ ከኮምቦልቻ ድልድዮች ሥር ይከማቻል። ሁለቱ ከተሞች በየራሳቸው አስተዳደር ቢመሩም ውሃው ወሰን አያውቅምና፣ የጽዳቱ ሥራ በአንድ ሳምንት፣ ይኸውም ሰኔ ሳያልቅ፣ በሁለቱም ቢደረግ ይሻላል። ሌሊት በጦሳ ላይ ዝናቡ የበረታ እንደ ሆነም ከደሴ ተረኛው ዘብ ለኮምቦልቻው ተረኛ ስልክ እንዲደውል በጽሑፍ ሊታዘዝ ይገባዋል፤ ለዚህም ከሁለት ሰዎችና ከሁለት ስልኮች በቀር ሌላ ወጪ አያሻም።