እያወቁ የሚከስሩ፦ ከብሪጅ ጠረጴዛ እስከ ቴፒ ቡና

ከሚዛን ተፈሪ፣ ከሸኮ ወይም ከቴፒ የወጣ ቡና ተፈልፍሎ አዲስ አበባ ይገባል። ላኪው በውድ ዋጋ ይገዛዋል። ከዚያ ውጭ አገር ወስዶ ከገዛበት ባነሰ ይሸጠዋል። በዓመቱ ተመልሶ መጥቶ ደግሞ ያንኑ ያደርጋል። ሰውየው ነካ አድርጎታል እንዴ? ኧረ በፍጹም! የቡና ነጋዴ ሂሳብ አይጠፋውም።

እንዲህ ያለውን ንግድ አሪፍ አድርጎ የሚያስረዳው የካርታ ጨዋታ ነው። ኮንከር ማለቴ አይደለም፣ ብሪጅ የሚባለው ነው። አራት ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው ይጫወታሉ፤ ለእያንዳንዱ 13 ካርታ ይደርሰዋል። ከጨዋታው በፊት ጨረታ አለ። "ከ13ቱ ዙር ይህን ያህሉን እናነሳለን" እያሉ ይጫረታሉ። ያሸነፈው ቃሉን ከጠበቀ ነጥብ ያገኛል፣ ካልጠበቀ ይቀጣል።

ዱፕሊኬት በሚባለው የውድድር ዓይነት ደግሞ አንድ ጊዜ የታደለው ካርታ ሳይበወዝ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይዞራል። ሁሉም ያንኑ ካርታ ስለሚጫወት ዕድል ሰበብ አይሆንም። የምትመዘኑት በእናንተ ወንበር፣ ያንኑ ካርታ ይዘው ከተጫወቱት ጋር ነው።

አሁን ተቀናቃኞቻችሁ 10 ዙር እናነሳለን ብለው ተጫረቱ እንበል። እንደሚሳካላቸው ታውቃላችሁ፤ 420 ነጥብ ሊወስዱ ነው። እናንተ ዝም ከማለት "11 እናነሳለን" ትላላችሁ፣ ከ9 በላይ እንደማታነሱ እያወቃችሁ። ቅጣቱን ቢያጥፉባችሁም ሁለት ዙር ስለጎደላችሁ የምትከፍሉት 300 ነው። ከ420 ይሻላል። ሦስት ዙር ከጎደለባችሁ ግን ቅጣቱ 500 ይሆናል፣ ያኔ ዝም ማለት ይሻላችሁ ነበር። ይህ የመሥዋዕትነት ጨረታ ይባላል። ሁሉ ነገር ያለው በዚያች በአንዷ ዙር ልዩነት ላይ ነው።

ወደ ቡናው እንመለስ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በጥቁር ገበያ እጥፍ ገደማ። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በነበረው መመሪያ ደግሞ ላኪው ካመጣው ዶላር ለራሱ የሚቀርለት 20 በመቶ ብቻ ነበር። ለምሳሌ ያህል አንድ ኪሎ ቡና ላኪውን 300 ብር አውጥቶት በ5 ዶላር ሸጠው እንበል። በባንክ ዋጋ 285 ብር ነው፣ 15 ብር ከሰረ። ግን 1 ዶላር በእጁ ቀረ፤ ያ ዶላር በጥቁር ገበያ ቢፈለግ ከባንኩ 57 ብር ያስጨምራል። ስለዚህ ሰውየው በ15 ብር 57 ብር ገዛ። በዶላሩ ቆርቆሮ፣ ጎማ ወይም ሌላ ዕቃ አስመጥቶ ሲሸጥ ቡናው ላይ የጎደለው ከነትርፉ ይመለሳል። ኪሳራው ከ57 ብር ካለፈ ግን ሦስተኛዋ ዙር ጎደለች ማለት ነው።

እዚህ ላይ ግን ቡናው ከብሪጁ ይለያል። በብሪጅ ቅጣቱን የሚከፍለው ራሱ የተጫረተው ነው። እዚህ የሚከፍለው ቆርቆሮውን የገዛው ሰው ነው። ቤት ሊያለብስ ቆርቆሮ የገዛ የየኪ ገበሬ ቡናውን በጥሩ ዋጋ ሸጦ ሊሆን ይችላል፣ ግን ከዚያው ላይ መልሶ ይከፍላል።

ሌላው ደግሞ ካርታው እኩል አልታደለም። አስመጪም ላኪም የሆነው ነጋዴ መክሰር ይችላል፤ ላኪ ብቻ የሆነው አይችልም። ሁለቱም የሚጫረቱት ለአንድ ቡና ነው። የመጀመሪያው ዋጋውን ሲሰቅለው ሁለተኛው፣ ሥራውን የቱንም ያህል ቢያውቅ፣ ከገበያ ይወጣል። እኔን ከሁሉም የሚያበሳጨኝ ይሄኛው ነው።

ጥራትም አለ። የቡና ደረጃ የሚወጣው ከ100 ነው፦ ጥሬው 40 ነጥብ፣ ቅምሻው 60። በምርት ገበያው የዚህ አካባቢ ቡና ቴፒ፣ በበቃ እየተባለ በስሙ ይመደባል። ነገር ግን ገዢው የፈለገው ቡናውን ሳይሆን ዶላሩን ከሆነ ለቅምሻው ነጥብ ምን አስጨነቀው? ቀይ ቀዩን ለቅሞ በአልጋ ላይ ያደረቀው ገበሬ ድካሙ በዋጋው ላይ በደንብ ካልታየ፣ በሚቀጥለው ዓመት አረንጓዴውንም አብሮ ቢያራግፍ አልፈርድበትም።

ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል፤ ያኔ ላኪው የሚያስቀረውም ወደ 50 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። ብዙዎች "በቃ፣ በኪሳራ መሸጥ ቀረ" ብለው ነበር። እስቲ በዚያው ምሳሌያችን እናስላው። ከ5 ዶላር ግማሹ 2.50 ዶላር ነው። 15 ብር ኪሳራን ለመሸፈን በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል የ6 ብር ልዩነት ይበቃል ማለት ነው፤ በ20 በመቶው ጊዜ 15 ብር ልዩነት ያስፈልግ ነበር። ልዩነቱ መጀመሪያ ጠበበ፣ ቆይቶ ደግሞ መልሶ ሰፋ። ስለዚህ ቴፒ ላይ የቡና ዋጋ ሲወጣ የኒውዮርክን ዋጋ ብቻ አትዩ። ስልካችሁ ላይ የባንኮቹን ምንዛሬም ክፈቱ፣ ከዚያ የጥቁር ገበያውን ጠይቁና ቀንሱ።