ወተት ሲጠጣ ሰውነቱ ለሚቆጣ ልጅ

«ልጄ ወተት አይስማማውም፣ ምን ላድርግ?» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ብዙ ጊዜ ይደርሰኛል። የእህቴ ልጅ የወተት ፕሮቲን አለርጂ ስላለበት ጉዳዩን ከቤታችን አውቀዋለሁ። ዛሬ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። ወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ፤ ፕሮቲንም አለ። ላክቶስ የማይፈጭለት ሰው ወተት ሲጠጣ ሆዱ ይነፋል፣ ይጮኻል፣ ያስቀምጠዋል። ያስቸግራል እንጂ ለሕይወት አያሰጋም። ወተቱ ሲረጋ ባክቴሪያዎቹ ከስኳሩ ከፊሉን ስለሚጨርሱት፣ ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹን እርጎ ይስማማቸዋል።

የፕሮቲን አለርጂ ግን የሰውነት መከላከያ ፕሮቲኑን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲነሳበት የሚመጣ ነው። አንዳንዱ ልጅ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ቢዘገይ በ2 ሰዓት ውስጥ፣ ቆዳው ሽፍ ይላል፣ ከንፈሩ ያብጣል፣ ያስመልሰዋል፤ ሲብስም ትንፋሽ ያጥረዋል። ሌላው ላይ ደግሞ ምልክቱ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ነው የሚታየው፦ ሰገራው ላይ ደም፣ የማይለቅ ችፌ፣ ተደጋጋሚ ማስመለስ፣ ክብደት አለመጨመር። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ እርጎ መፍትሔ አይሆነውም፤ ስኳሩ ቢቀንስም ፕሮቲኑ እዚያው አለ።

ከላም ወተት ፕሮቲን 80 በመቶ ያህሉ ካዜይን ነው፤ የቀረው ዌይ ይባላል። አሬራ እሳት ላይ ሲጣድ ነጩ ተሰብስቦ አይብ ይሆናል፣ አጓቱ ይቀራል። አይቡ በዋናነት ካዜይን ነው፤ አጓቱም ከፕሮቲን ነጻ አይደለም። ካዜይን ሙቀት ስለማይበግረው ወተቱን ደጋግሞ ማፍላት አለርጂውን አያስቀርም። ቅቤም ሲነጠር አብዛኛው ፕሮቲን ከዝቃጩ ጋር ይወጣል እንጂ ጨርሶ ጠራ ማለት አይቻልም። «የፍየል ወተት ስጡት» የሚሉም አሉ፤ ፕሮቲኑ ከላም ወተት ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል አብዛኞቹ ልጆች በእሱም ይቆጣሉ። የግመል ወተት ፕሮቲን ለየት ይላል፤ ቢሆንም ያለ ሐኪም አይሞከርም።

ከባዱ ነገር ወተት የማይመስለው ምግብ ነው። አንድ ዘመዳችን ከአሜሪካ ቡና ላይ የሚጨመር ነጭ ዱቄት አምጥታልን ነበር። ፊት ለፊቱ ላይ የወተት ተዋጽኦ እንዳልሆነ በትልቁ ተጽፏል። እህቴ ገልብጣ በጥቃቅኑ ፊደል ስታነብ «ሶዲየም ካዜይኔት፣ ከወተት የተገኘ» የሚል አገኘች። ለልጁ አጥሚት ውስጥ ሊገባ የነበረው ዱቄት መልሶ ተከደነ። ለጿሚም ቢሆን ያው ወተት ነው። ብስኩት፣ ኬክ፣ ቸኮሌት፣ ማርጋሪንና ሶሴጅ ስትገዙ ካዜይን፣ ካዜይኔት፣ ዌይ እና የወተት ዱቄት የሚሉትን ቃላት ፈልጉ። አሜሪካ ላላችሁ፣ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የታሸገ ምግብ ወተት ካለበት በግልጽ እንዲጻፍ ሕጉ ያስገድዳል፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮችም ጎልቶ መጻፍ አለበት።

እኛ ቤት ትልቁን እፎይታ የሰጠን የጾም ዕቃ ነው። እናቴ ለጾም ለይታ ያስቀመጠችው ድስትና ማማሰያ ቅቤ ነክቶት አያውቅም፤ የልጁ ሽሮና ምስር የሚሠራው በእሱ ነው። ሆኖም የጾም ምግብ ብቻውን ለሚያድግ ልጅ አይበቃም። ወተት የቀረበት ልጅ እንቁላልና ሥጋ ያስፈልገዋል፤ የካልሲየሙን ነገር ደግሞ ሐኪሙን ጠይቁ።

ለምታጠቡ እናቶች፦ የምትበሉት የወተት ፕሮቲን በጥቂቱ ወደ ጡት ወተት ያልፋል። መፍትሔው ጡት ማስጣል አይደለም። ሐኪሙ ካዘዘ እናትየው ለተወሰኑ ሳምንታት ወተትና የወተት ተዋጽኦ ትታ ለውጡ ይታያል፤ ከዚያ እንደገና ተሞክሮ ይረጋገጣል። ለአራስ ሕፃን ቅቤ ማስዋጥ አለርጂ ኖረም አልኖረም ይቅር፤ እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። ጤነኛ ልጅም ቢሆን ዓመት ሳይሞላው የላም ወተት ዋና መጠጡ መሆን የለበትም፤ ብረት ስለሚያንሰው ለደም ማነስ ያጋልጠዋል።

አለርጂ የሌለባችሁ ግን ወተትን አትፍሩ። አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ያህል ጥሩ ፕሮቲን አለው፤ ሥጋ በየቀኑ በማይገኝበት ቤት ይህ ቀላል አይደለም። በጥርጣሬ ብቻ ልጅን ወተት መከልከልም ጉዳት ነው፤ አስመርምሩ። አብዛኞቹ ልጆች እያደጉ ሲሄዱ አለርጂው ይተዋቸዋል፤ መተዉን የሚፈትነው ግን ሐኪም ይሁን።

ልጁ ትንፋሽ ካጠረው፣ ምላሱ ካበጠ ወይም ከተዝለፈለፈ ቤት ውስጥ አትጠብቁ፤ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። «ትንሽ ቢቀምስ ምን ይሆናል?» ለሚሉ ዘመዶችም በፍቅር፣ ግን በጥብቅ ንገሯቸው፤ ለአንዳንዱ ልጅ ትንሿም ብዙ ናት። ይህን ጽሑፍ ልጃችሁን ለሚያበላ ሰው ሁሉ፣ ለአያትም፣ ለሞግዚትም፣ ለመዋዕለ ሕፃናት መምህርም ላኩላቸው።