ወይጦ ላይ መኪናው ሲቆም የማይነገራችሁ

ጂንካ ላይ አንድ የቱሪስት ወቅት በሎካል ጋይድነት ሠርቻለሁ። ሥራው ከውጭ ሲያዩት መንገድ መምራትና ማስተርጎም ይመስላል። ውስጡ ሲገቡ ግን የሰዓት ንግድ ነው፤ የሚሸጠውም የሚጎድለውም ሰዓት ነው። ይህን የምነግራችሁ በታኅሣሥ ወይም በጥር ወደ ደቡብ ኦሞ ለመውረድ ገንዘብ እያጠራቀማችሁ ላላችሁት ነው። አስጎብኚ ቢሮ ሄዳችሁ ብትጠይቁ ግማሹን እንኳ አይነግሯችሁም። ክፋት ኖሮባቸው አይደለም፤ ፕሮግራሙን ያረዝምባቸዋል፣ ዋጋውንም ያስወድድባቸዋል።

ከሁሉ በፊት ይህን እወቁ፤ ፕሮግራማችሁ የሚሠራው በገበያ ቀን ነው። ሰኞ ቱርሚ፣ ማክሰኞ አልዱባ፣ ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ቅዳሜ ዲመካና ጂንካ። ፕሮግራም የሚያወጣው ሰው ካሌንደሩን ዘርግቶ በቅድሚያ ሐሙስን ይፈልግና ከዚያ ወደ ኋላ ይቆጥራል። ረቡዕ ኮንሶ ወይም አርባ ምንጭ ማደር፣ ሐሙስ ጠዋት ወይጦን ማለፍ፣ እኩለ ቀን ላይ ቀይ አፈር መድረስ። ኮንሶ ላይ ለቡና ስትዘገዩ ሾፌሩ ፊቱ የሚቀየረው ለዚህ ነው። በናዎቹ፣ ፀማዮቹና አሪዎቹ ማርና ቅቤ፣ ቅልና ፍየል ይዘው በእግር ሰዓታት ተጉዘው ነው የሚመጡት። ከረፋዱ በፊት የደረሰ እንግዳ ባዶ ሜዳ ያያል፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የደረሰ ደግሞ የሚያየው ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ጀርባ ነው።

በዚህ ሩጫ መሀል የምትጎዳው ወይጦ ናት። ከኮንሶ ተነስቶ አስፋልቱ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ከመኪና ስትወርዱ ሙቀቱ ፊታችሁ ላይ ይለጠፋል። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ መንገዱ ግን ለሁለት የሚከፈለው እሷ ላይ ነው። አንዱ ወደ ቀይ አፈርና ጂንካ ይወጣል፣ ሌላው በአርቦሬ በኩል ወደ ቱርሚ ይዘልቃል። ወንዙ ወደ ጨው ባሕር የሚወርደው የወይጦ ወንዝ ነው፤ በሸለቆው ውስጥ የጥጥ እርሻ አለ። ዙሪያው የፀማይ አገር ነው። ፕሮግራሙ ላይ ግን የተጻፈላት «ምሳ» ብቻ ነው። እንግዳው ለስላሳውን ጠጥቶ፣ አጥር ስር የቆሙትን ልጆች አንስቶ ይሄዳል።

እዚያው ወንዝ ማዶ፣ በምዕራቡ ዳር፣ ኦንጎታ የሚባል ሕዝብ አለ። ብዛቱ የአንድ መካከለኛ መንደር ያህል ነው። የራሳቸው ቋንቋ በጥቂት ሽማግሌዎች አፍ ብቻ ቀርቷል፤ ልጆቹ የሚያድጉት በፀማይኛ ነው። ጣሊያናውያኑ የቋንቋ ሊቃውንት ግራዚያኖ ሳቫና ማውሮ ቶስኮ እ.ኤ.አ. በ2000 ስለ ቋንቋው አጥንተው አሳትመዋል። አሜሪካዊው ሃሮልድ ፍሌሚንግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መጽሐፍ ኦንጎታ ከኩሽም ከኦሞም ቋንቋዎች የማይመደብ፣ ራሱን የቻለ የአፍሮ እስያ ቅርንጫፍ ነው ብሎ ተከራክሯል። ክርክሩ እስካሁን አልተዘጋም። እንዲህ ያለ ሕዝብ ከምሳ ቤቱ ወንዝ ማዶ እያለ ያን ሁሉ መንገድ የመጣ ሰው ስሙን እንኳ ሳይሰማ ያልፋል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። «መኪናውን ወደ መንደራቸው አዙሩ» አልልም፤ በጣት ለሚቆጠር ሽማግሌ የቱሪስት ሰልፍ ማምጣት በደል ነው። ግን ወይጦ ላይ ስትቀመጡ የት እንደተቀመጣችሁ እወቁ። ጋይዳችሁን ጠይቁት፤ የአካባቢው ልጅ ከሆነ ያውቃል፣ የሚጠይቀው ሲያገኝም ደስ ይለዋል።

ወደ ሙርሲ የሚኬደው ለምን በማለዳ እንደሆነ ደግሞ ልንገራችሁ። ከጂንካ ገና ጎህ ሲቀድ ነው የሚወጣው። ማጎ ፓርክ ስትገቡ መሣሪያ የያዘ ስካውት መኪናችሁ ላይ ይወጣል። ጥቁርና ሰማያዊ ልብስ አትልበሱ፤ ገንዲ የሚያስተላልፈው ቆላ ዝንብ በእነዚህ ቀለሞች ይሳባል፣ ሲነክስም በሸሚዝ ላይ ነው የሚነክሰው። ማለዳው የተመረጠው ለሙቀቱ ብቻ አይደለም። ከቀትር በኋላ በአንዳንድ መንደር ነጋዴ ከደጋ ያመጣው አረቄ ይዞራል፤ ያኔ የብሩ ጭቅጭቅ ይበረታል። ጋይዶች ይህን ለእንግዳ አናወራም፤ «ጠዋት ብርሃኑ ለፎቶ ጥሩ ነው» እንላለን። ብርሃኑም እውነት ጥሩ ነው።

የመኪናው አቧራ ከሩቅ ሲታይ ሴቶቹ ይለብሳሉ። ትልቁ የከንፈር ገል ይገባል፣ ቀንድና የከርከሮ ክራንቻ ጭንቅላት ላይ ይወጣል፣ ፊት ነጭ ይቀባል። ይህን የሰማ የአዲስ አበባ ሰው «ታዲያ ውሸት ነዋ!» ይለኛል። እንግዳ ሲመጣ የማይለብስ ማን አለ? ገሉ የእነሱ ነው። ሴት ልጅ ከንፈሯ የሚበሳው ለአካለ መጠን ስትደርስ ነው፤ ገሉን ከጭቃ የምትሠራውም ራሷ ናት። የዕለት ሥራዋን ስትሠራ ግን አታደርገውም። እንግዳው ሲሄድ አውጥታ፣ በመዳፏ ጠርጋ፣ ኩታዋ ውስጥ ትቋጥረውና ወደ ወፍጮ ድንጋይዋ ትመለሳለች። ልታነሷት የመጣችሁባት ሰዓት ለእሷ የሥራ ሰዓት ናት፤ ዋጋ ብትጠይቅም ያስኬዳታል።

ስለ ፎቶው ብር ብዙ ሰው የሚያማርረው አሠራሩን ስለማያውቅ ነው። ለዓመታት የነበረው ደንብ በፍሬም ነው፤ አንድ ጊዜ ቀጭ ባለ ቁጥር ለአንድ ሰው 2 ብር፣ ኋላ 5 ብር። ስለዚህ ሴቶቹ በጆሮ መቁጠር ለመዱ። አንድ ጠዋት ልጅ ያዘለች እናት አጠገብ ቆሜ ነበር። እንግዳው አምስት አንስቻለሁ አለ፤ እሷ ሰባት ጣት አሳየች። ተናደደ፣ ድምፁን ከፍ አደረገ። እኔ በመሀል ነኝ፤ የቀን አበሌን የሚከፍለው እሱ ነው፣ ነገም ወደዚያ መንደር የምመለሰው እኔ ነኝ። «የካሜራውን ስክሪን እንየው» አልኩ። ወደ ኋላ እየገፋን ቆጠርን፤ ሰባት። ጀርባዋን ሰጥታው ያነሳትን ሁለቱን አልቆጠራቸውም ነበር፤ እሷ ግን ሳታይ ሰምታቸዋለች።

ሙርሲን ከ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያጠናው እንግሊዛዊው ዴቪድ ተርተን እ.ኤ.አ. በ2004 ስለዚሁ ነገር ጽፎ ነበር። ሙርሲዎች ቱሪስቱን ከማንኛውም ነገር በፊት የሚያውቁት ፎቶ አንሺ ሕዝብ አድርገው እንደሆነ፣ «ለምንድን ነው የሚያነሱን?» እያሉ እርስ በርስ እንደሚጠያየቁ ያስረዳል። ይህን ጥያቄ እኔም በሥራዬ ላይ ሰምቼዋለሁ። የሚያረካ መልስ የሰጠ ጋይድ ግን አላውቅም።

በፍሬም መክፈል ሁሉንም ያዋክባል። ሰው ይሰለፋል፣ ልጅ እናቱን ይገፋል፣ እንግዳው ሃያ ደቂቃ ሳይሞላው ወደ መኪናው ይሸሻል። ከዚህ የሚሻለው ከሽማግሌዎቹ ጋር አስቀድሞ ተነጋግሮ ለመንደሩ አንድ ላይ መክፈልና ካሜራውን መጀመሪያ ቦርሳ ውስጥ መተው ነው። ጋይዱን ይህን አድርግ በሉት። ብዙዎቻችን የማናደርገው ጊዜ ስለሚወስድና ሾፌሩ ሰዓቱን እያየ ስለሚቆም ነው። ደግሞም ግልጽ ልሁን፤ ከመታሰቢያ ዕቃ ሻጩና ከምግብ ቤቱ ለጋይድ የምትደርስ ኮሚሽን አለች። ቶሎ የሄደ እንግዳ ወደ ሱቅ ይሄዳል፣ መንደር ውስጥ የተቀመጠ እንግዳ ግን ለጋይዱ ተጨማሪ የሚያስገኝለት ነገር የለም። የምትሰጡትን ቲፕ በዚህ አስቡት፤ በብዛት ላሯሯጣችሁ ጋይድ ሳይሆን ላስቀመጣችሁ ጋይድ ጨምሩለት።

ስለ ብሩ ሌላም የማይነገር ምክንያት አለ። በካሮዎቹ መንደር በኮርቾ፣ ገደሉ ጫፍ ላይ ቆማችሁ የኦሞን መታጠፊያ ስታነሱ፣ ከታች የምታዩት ዳርቻ የካሮዎቹ እርሻ ነበር። ወንዙ በየዓመቱ ሞልቶ ሲመለስ በሚተወው ደለል ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር፤ ዳሰነቾችም ኦሞራቴ አካባቢ እንደዚሁ። የግልገል ጊቤ 3 ግድብ እ.ኤ.አ. በ2015 ውኃ መያዝ ከጀመረ ወዲህ ያ ሙላት እንደ ድሮው አይመጣም። ሙላቱ ሲቀር የእህሉ መንገድ ጠበበ፤ የፎቶው ብር ክብደት ጨመረ። ኮርቾ ላይ ሰውነቱን በኖራ የቀባ ወጣት ቆሞ ሲጠብቃችሁ፣ «ድሮ እንዲህ አልነበሩም፣ ብር አበላሻቸው» የሚል ሰው አጠገባችሁ አይጠፋም። እባካችሁ ወንዙንም እዩለት።

የሐመርና የበና ከብት ዝላይ ሁሉም የሚጠይቀው ነው። «ማክሰኞ ዝላይ እናሳያችኋለን» ብሎ ከአዲስ አበባ ቃል የገባላችሁ ሰው ያላየውን ነው የሸጠላችሁ። ቀኑን የሚቆርጠው የልጁ ቤተሰብ ነው፤ ለዘመድ የተቋጠረ ገመድ ይላካል፣ በየቀኑ አንድ ቋጠሮ ይቆረጣል፣ ሲያልቅ ቀኑ ደረሰ ማለት ነው። ዛሬ ስልክ አለ፤ የቱርሚ ጋይድ ለዲመካው ይደውላል፣ የዲመካው የገበያ ሰው ይጠይቃል፣ ወሬው ጂንካ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ለዚህ ነው ክፍት ቀን ያለው ፕሮግራም የሚያስፈልገው። ከደረሳችሁ ከቀትር ጀምሮ ተቀመጡ። ዘግይቶ የሚደርሰው ግሩፕ የሚያየው ልጁ በከብቶቹ ጀርባ ላይ ሲሮጥ ብቻ ነው፤ ያም ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም። የልጁ ሴት ዘመዶች ራሳቸው ጠይቀው በአለንጋ ሲመቱም ታያላችሁ። ማየት ይከብዳል፤ ለእኔም ከብዶኛል። ሴቶቹ በጠባሳው ወንድማቸው ላይ የዕድሜ ልክ ዕዳ ይጥሉበታል፤ ነገ ሲቸግራቸው ይደርስላቸዋል። ይህን አውቃችሁ እዩ፣ ወይም ያን ጊዜ ወጣ በሉ፤ ማንም አይቆጣችሁም። ካሜራ አፍንጫቸው ስር መደቀን ግን ነውር ነው።

አሁን ለእኛው ለአበሾች አንድ ነገር። ከእ.ኤ.አ. 2020 ወዲህ፣ በኮሮናውም በጦርነቱም ፈረንጁ ሲጠፋ፣ ጂንካ ድረስ የመጣልን የአገር ልጅ ነበር፤ ለዚህ አመሰግናለሁ። ነገር ግን «እኛማ ወገን ነን» ብሎ ሳይጠይቅ የሚያነሳው፣ ሳይከፍል የሚገባው፣ ሽማግሌውን «አንተ» ብሎ የሚጠራውም በብዛት የእኛው ሰው ነበር። ፀማይ አባት በርጩማው ላይ ተቀምጦ ስታገኙት፣ ጎንደር ወይም ደሴ ያሉትን አያታችሁን እንደምትጠሩ «እርስዎ» በሉ። አማርኛ ባይሰማ እንኳ አነጋገራችሁን ይሰማል። ቀይ አፈር ላይ አንድ ቤተሰብ እንዲህ አድርጎ የቡና ገለባ ፍል በቅል ቀረበለት፤ ከገበያው ወጥተን ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየን። ልጆቹ ፎቶ ማንሳታቸውን ረስተው ሽማግሌው ስለ ንቦቹ ሲያወራ አዳመጡ። የዚያን ቀን ሾፌሩም ሰዓቱን አላየም።

እንግዲህ ስትመዘገቡ ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ጂንካ ላይ አንድ ሌሊት ሳይሆን ሁለት ይሁን፤ ከተማውን ቁልቁል የሚያየው የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም ወደ መንደር ከመሄዳችሁ በፊት ይታይ። ከመንገዱ በፊት ማንበብ ለምትፈልጉም፣ የሐመሩ ሽማግሌ ባልዳምቤ ከአንትሮፖሎጂስቶቹ ከጂን ላይዳልና ከኢቮ ሽትሬከር ጋር ተቀምጦ ያስረዳው እ.ኤ.አ. በ1979 ታትሟል፤ የሐመርን ኑሮ ከሐመር አፍ መስማት ለሚፈልግ እንደዚያ ያለ የለም። ሁለተኛ፣ ጋይዱ የዚያው ብሔረሰብ ልጅ ይሁን፤ ለሙርሲ ሙርሲ፣ ለሐመር ሐመር። ሦስተኛ፣ በወይጦና በቱርሚ መካከል የአርቦሬን መንገድ የምትይዙ ከሆነ ወሩን እዩ። ከኅዳር እስከ የካቲት ደህና ነው፣ ሐምሌና ነሐሴም እንዲሁ። መጋቢት መጨረሻ ላይ ዝናቡ ሲጥል ጥቁሩ አፈር ላንድክሩዘሩንም ይይዘዋል፤ ያኔ በቀይ አፈርና በዲመካ ዙሩ፣ ወይም ወይጦ ላይ ቀኑን ሙሉ ለመቀመጥ ተዘጋጁ።