231 ፊደል ይዞ እንቆቅልሽ መሥራት

ጠዋት ቴሌግራም ስትከፍቱ ምን እንደሚጠብቃችሁ ይታወቃል። ፀሐይ ስትወጣ የሚያሳይ ፎቶ፣ ፎቶው ላይ ጥቅስ፣ ከጥቅሱ ሥር የአንስታይን ወይም የማንዴላ ስም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ አናነበውም፤ ዓይናችን ሳይደርስ ጣታችን ያልፈዋል። እኔ ሰሞኑን የያዝኩት ሥራ ጥቅስ እንዲህ በቀላሉ እንዳይታለፍ ማድረግ ነው። በትንሽ የኮምፒውተር ፕሮግራም ፊደሎቹን አዟዙሬ እንቆቅልሽ አደርጋቸውና ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ላሉ ጓደኞቼ እልካለሁ። ለምን እነሱ? ከአየር ጤና ወደ ሰበታ፣ ከዊንጌት ወደ ቡራዩ፣ ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ ለመሄድ የታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው የማያጥረው ነገር ቢኖር ጊዜ ነዋ።

ጨዋታው በሌላው ዓለም አዲስ አይደለም። የመጀመሪያው ክሮስወርድ የሚባለውን አርተር ዊን ኒውዮርክ ወርልድ ጋዜጣ ላይ ያወጣው በታኅሣሥ 1913 እ.ኤ.አ. ነው። በ1934 ደግሞ ኤልዛቤት ኪንግስሊ የምትባል አሜሪካዊት አንድ ሙሉ ጥቅስ በትና፣ ፊደሎቹን ለሌሎች ጥያቄዎች መልስ አድርጋ፣ አንባቢ መልሶ እንዲገጣጥመው የሚያደርግ እንቆቅልሽ ፈጠረች። ከሁለቱም በፊት ኤድጋር አለን ፖ፣ ያ የአስፈሪ ልብ ወለዶች ጸሐፊ፣ አንባቢዎቹን «የፈለጋችሁትን ምሥጢራዊ ጽሑፍ ላኩልኝ፣ እፈታዋለሁ» ብሎ ይፎካከር ነበር።

እኔ የመረጥኩት የፖን ዓይነት ነው። እያንዳንዱ ፊደል በሌላ ፊደል ይተካል፤ «መ» በ«ከ» ከተተካ ጥቅሱ ውስጥ ያለው «መ» ሁሉ «ከ» ሆኖ ይጻፋል። ፈቺው የትኛው በየትኛው እንደተተካ ፈልጎ ያገኛል። ለእንግሊዝኛ ይህን የሚሠሩ ነፃ ፕሮግራሞች ሞልተዋል። የሞከርኩት ላይ አማርኛ ሳስገባበት ግን ምንም ሳይነካ መለሰልኝ። ፕሮግራሙ የሚያውቀው 26ቱን የላቲን ፊደላት ብቻ ስለሆነ የኛን ፊደል እንደ ነጥብና ሰረዝ ቆጥሮት አለፈው።

እሺ፣ ራሴ ልጻፈው አልኩ። ፓይተን በሚባለው ቋንቋ ቢበዛ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። እዚህ ላይ ግን ነገሩ የፕሮግራም ጉዳይ መሆኑ ቀረና የፊደል ጉዳይ ሆነ።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»ን እንውሰድ። ስትቆጥሩት 13 ፊደል ነው። ከ13ቱ ውስጥ የተለያዩት 10 ናቸው፤ ከአንድ ጊዜ በላይ የመጣው «ር» እና «ያ» ብቻ ነው። እያንዳንዱን በዘፈቀደ በሌላ ፊደል ብንተካው ፈቺው ምን ይዞ ይጀምራል? ምንም። እንዲህ ያለ ጽሑፍ የሚፈታበት ዘዴ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ የነበረው አል-ኪንዲ ከጻፈው ጀምሮ አልተለወጠም፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣውን ምልክት ፈልግ፣ በቋንቋው ብዙ ጊዜ ከሚመጣው ፊደል ጋር አገናኘው። በእንግሊዝኛ «ኢ» የምትባለዋ ፊደል ከመቶ 12 ያህሉን ትይዛለች። ያው ተረታችን በእንግሊዝኛ በሚታወቅበት ትርጉሙ 36 ፊደል ይሆናል፤ 36 ፊደል፣ 26 ምልክት። የኛ 33 ቤተሰብ በ7 ሲባዛ 231 ምልክት ነው፣ ጽሑፉ ደግሞ 13 ፊደል። መረጃ አንሶ አማራጭ ሲበዛ ማንም አይፈታውም። ሰልፍ ላይ ያለ ሰው ይቅርና ፖ ራሱ አገር ይሰጥ ነበር። (ልጅ ሆነን «እንቆቅልህ» ሲሉን «ምን አውቅልህ» ብለን፣ መልሱ ሲጠፋን አገር ሰጥተን የምንሰደበውን ታስታውሳላችሁ አይደል?)

መፍትሔው ፊደሉን ለሁለት መክፈል ነው። «ቢ» አንድ ነገር አይደለም፤ ቤተሰቡ «በ» ነው፣ ቦታው ሳልስ። ፕሮግራሙ ቤተሰቡን ብቻ ይለውጥና ቦታውን እንዳለ ይተወዋል። «በ» በ«ለ» ከተተካ «ቢ» «ሊ» ይሆናል፣ «ብ» «ል»፣ «ቦ» «ሎ»። ተረቱን እንዲህ ሳደርገው የወጣው ይኸውላችሁ፦

ምክ ሊታልክ ገፍለዛ ታዝክ

እስቲ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። አማርኛ አይደለም፣ ግን አማርኛ አማርኛ ይላል አይደል? «ሊታልክ» የሚል ግስ ያለ ይመስላል። አናባቢዎቹ ስላልተነኩ የቃሉ ቅርጽ ቀርቷል፤ ዜማው ራሱ ፍንጭ ነው። አሁን የሚፈለጉት የተለያዩ ምልክቶች ከ10 ወደ 7 ወርደዋል። በዚያ ላይ ከአራቱ ቃላት ሦስቱ በ«ክ» ነው የሚያልቁት። ተረትና ምሳሌ ቤት መምታት ይወዳል፣ ያ ደግሞ እንቆቅልሹን ያሳብቅበታል። የቡራዩው ጓደኛዬ አሸዋ ሜዳ ሳይደርስ የፈታው በመጨረሻዋ ፊደል ተነሥቶ ነው።

ኮምፒውተሩ ይህን መክፈል እንዴት ያውቃል ለምትሉ፣ ሒሳቡ ያምራል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው። «ሀ» 4608 ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ 8 ቦታ ስለተሰጠው «ለ» 4616 ላይ ይጀምራል። «ቢ» 4706 ነው፤ 4608 ስንቀንስ 98 ይቀራል፣ 98 ለ8 ሲካፈል 12 ደርሶ 2 ይተርፋል። 12 የ«በ» ቤተሰብ ነው፤ ትርፉ 2 ደግሞ፣ ግዕዝን 0 ብለን ስለምንጀምር፣ ሳልስ። በቃ፣ አንድ ማካፈል ነው። ስምንተኛዋ ቦታ ለ«ሏ»፣ «ሟ»፣ «ሷ» ዓይነቶቹ ታገለግላለች። የሚያስቸግሩት «ቋ»፣ «ኋ»፣ «ኳ» እና «ጓ» ናቸው፤ የራሳቸው ሌላ ረድፍ ስለተሰጣቸው ፕሮግራሙ «ቋ»ን ከ«ቀ» ጋር አያዛምደውም። «ቋንቋ» የሚለው ቃል ራሱ በእጅ እርዳታ ነው የሚገባው።

ይህን መክፈል እኔ የፈጠርኩት አድርጌ ለሰበታዋ ጓደኛዬ ሳወራ ሳቀችብኝ። እሷ የምትኖርበት ከተማ የሚታወቀው በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቱ ነው። «ብሬል በምን ይጻፋል መሰለህ?» አለችኝ። ብሬል 6 ነጥብ ነው፤ ከ6 ነጥብ የሚገኘው ልዩ ልዩ ቅርጽ፣ ባዶውን ሳንቆጥር፣ 63 ብቻ ነው። 231 ፊደል 63 ውስጥ አይገባም። ስለዚህ የአማርኛ ብሬል ተነባቢውንና አናባቢውን ለየብቻ ይጽፋል። ሰበታ ውስጥ ተማሪዎች በጣታቸው ሲያነቡት የኖሩት ነገር ነው እንግዲህ እኔ በሒሳብ የደረስኩበት። ከዚያ ወዲህ እንቆቅልሹን የምልከው በጽሑፍ እንጂ በፎቶ አይደለም፤ ስልካቸው ጮክ ብሎ ለሚያነብላቸው ሰዎች ፎቶ ላይ የተለጠፈ ፊደል ብዙም አይጠቅምም። ደግሞ ጽሑፍ ዳታ አይበላም።

ለነገሩ ሁላችንም ስልካችን ላይ ስንጽፍ እንከፍለዋለን። መጀመሪያ «በ»ን እንነካለን፣ ከዚያ ከሰባቱ አንዱን እንመርጣለን። ጣታችን ያውቀዋል፤ ስሙን ነው የረሳነው። ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሳልስ ብሎ እስከ ሳብዕ ሳይሳሳት የሚቆጥር እኩያ ስንት አላችሁ? ይህን እንቆቅልሽ ደጋግሞ የፈታ ሰው ግን ሳይታወቀው ሳድስን ይወዳታል። ከላይ ካለው ተረት 13 ፊደላት 7ቱ ሳድስ ናቸው።

ከሁሉ የከበደኝ ሞክሼ ፊደላት ናቸው። «ሀ፣ ሐ፣ ኀ»፣ «ሠ፣ ሰ»፣ «አ፣ ዐ»፣ «ጸ፣ ፀ»። ለኮምፒውተር እነዚህ ፈጽሞ የማይተዋወቁ ናቸው። እኛ ደግሞ «ሃምሳ»ን አንዱ በ«ሃ»፣ አንዱ በ«ሀ»፣ ሌላው በ«ሐ» ይጽፈዋል። ፈቺው መልሱን አግኝቶ ሳለ ፕሮግራሙ «ተሳስተሃል» ቢለው ስልኩን ይወረውራል። ስለዚህ ሞክሼዎቹን አንድ አድርጌ 33ቱን ቤተሰብ ወደ 28 አወረድኩት። በአጋጣሚ ከእንግሊዝኛው 26 ጋር ሊገናኝ ምንም አልቀረው፣ ጨዋታውም ተመጣጠነ።

ሱሉልታ፣ የጓደኛዬ ጎረቤት የሆኑ መሪጌታ ዘንድ ግን ይህ አላለፈም። ነጭ ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ ስልኩን ተቀብለው አዩና «ልጄ፣ ንጉሡን ሠ እና እሳቱን ሰ አንድ አደረግሃቸው?» አሉኝ።

«የኔታ፣ ድምፃቸው አንድ ነው ብዬ ነው።»

«ድምፁማ አንድ ነው። ሠዐለ ብለህ በንጉሡ ሠ ስትጽፈው ሥዕል ሣለ ነው። ሰአለ ብለህ በእሳቱ ስትጽፈው ለመነ ነው። ሠረቀ ፀሐይ ወጣች ነው፣ ሰረቀ ደግሞ ሌባ ነው። ፀሐይዋን ሌባ ልታደርጋት ነው?»

ምን ይመለስላቸዋል! የምስማማው ግን በግማሹ ነው። በግዕዝ የትርጉም ልዩነት ያመጣል፣ እውነት ነው። በዛሬ አማርኛ ግን «ሰረቀ» የሚለውን በየትኛውም «ሰ» ብጽፈው ታክሲ ሰልፍ ላይ ያለ ሰው ኪሱን ነው የሚዳስሰው። የደረስንበት ስምምነት እንዲህ ነው፦ ጨዋታው ውስጥ ሞክሼዎቹ አንድ ይሆናሉ፤ መልሱ ሲገለጥ ግን ጥቅሱ በምንጩ በተጻፈበት ፊደል፣ ንጉሡም እሳቱም በየቦታቸው ሆነው ይታያል። የኔታ ሙሉ በሙሉ ባይቀበሉትም አንድ ተረት መረቁልኝ፤ እሱን መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ።

ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ሸገር ሲቲ ውስጥ ተጠቃልለዋል። እዚያ ያለ ሰው ብዙው ታክሲ ውስጥ በሁለት ቋንቋ ነው የሚያወራው፤ እናም «በአፋን ኦሮሞስ የለም እንዴ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው በሁለተኛው ቀን ነው። ቁቤ ላቲን ስለሆነ ቀላል ይሆናል ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። ቀላልም ከባድም ነው። ቀላል የሚያደርገው «አ» የሚለው አናባቢ በጣም መብዛቱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ተደጋግሞ ነው የሚጻፈው፣ ስለዚህ ጥንድ ሆኖ የቆመውን ምልክት አይቶ መጀመር ይቻላል። መሬትን «ለፈ»፣ ለስላሳን «ላፋ» የሚያሰኘው ያው የአናባቢው መደጋገም ስለሆነ ጥንዱን መቁረጥ አይቻልም፤ ትርጉሙ ይሄዳል። ከባዱ በሁለት የላቲን ፊደል የሚጻፉት ድምፆች ናቸው። ለምሳሌ በግዕዝ ፊደል «ዸ» የሚል የራሱ ምልክት ያለው ድምፅ በቁቤ ሁለት ፊደል ነው። አንድ ሳጥን ውስጥ ይግባ ወይስ ሁለት? የቡራዩው ጓደኛዬ «አንድ ድምፅ ነው፣ አንድ ሳጥን» ብሎ ወሰነ፣ እኔም ፕሮግራሙን እንደዚያው አደረግሁት። የቤቱ ባለቤት እያለ እንግዳ አይከራከርም።

ጥቅሶቹን ከየት አመጣለሁ? በአብዛኛው ተረትና ምሳሌ ነው፤ በአፋን ኦሮሞ ደግሞ ማማክሳ። የሰው ስም ያለበትን ጥቅስ የምፈራበት ምክንያት አለኝ። ያንኑ ነገር እየደጋገሙ ሌላ ውጤት መጠበቅ እብደት ነው የሚለውን አንስታይን አለ እየተባለ ስንቴ አይታችኋል? አንስታይን እንዳለው የሚያሳይ አንድም ማስረጃ አልተገኘም። ሰው ግማሽ ሰዓት ታግሎ የፈታው ጥቅስ ጭንቅላቱ ውስጥ ይቀራል፤ የተሳሳተ ስም ይዞ ከቀረ ደግሞ ማን ያወጣለታል? የደራሲዎቻችንን ሥራ በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ምንጭና የደራሲውን ስም ጠቅሶ አጭር ጥቅስ መጠቀምን ይፈቅዳል። በየቀኑ አንድ አንድ መስመር እየነቀሱ አንድ መጽሐፍ መጨረስ ግን ጥቅስ አይባልም፣ ሌላ ስም አለው።

በሉ እንግዲህ፣ የየኔታ ይኸውላችሁ። ሦስት ቃል፣ 13 ፊደል፣ 7 ቤተሰብ። ቦታዎቹ አልተነኩም፤ ግዕዙ ግዕዝ ነው፣ ሳድሱም ሳድስ። የ«ሰ» ቤተሰብ ስድስት ጊዜ መጥቷል፣ ከዚያ ጀምሩ። ከጠፋችሁ የኔታ ራስ ላይ ምን እንደነበረ አስታውሱ።

ለሰበስበስ ሰሳድ ግንተስ