የነጋዴው ቤት ወራሾች

ከጣሊያኗ ፍሎረንስ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ፕራቶ ከተማ፣ ከ600 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የነጋዴ ቤት አለ። ያሠራው ፍራንቼስኮ ዳቲኒ ከፒሳ እስከ ባርሴሎና ቅርንጫፍ የነበረው ሀብታም ነው።

ዳቲኒ ግን ልጅነቱ የምቾት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1348 «ጥቁር ሞት» የተባለው ወረርሽኝ አባቱንና እናቱን፣ ከወንድምና እህቶቹም ሁለቱን ነጠቀው። ገና 13 ዓመት ገደማ ነበር። አንዲት የከተማው ሴት እንደ እናት ሆና ያዘችው። በ15 ዓመቱ ግድም ወደ አቪኞን ተሻገረና ንግድ ጀመረ። ወደ አገሩ የተመለሰው ከ30 ዓመት በኋላ፣ ከብሮና ሚስት አግብቶ ነው።

ከሚስቱ ከማርጌሪታ ጋር ግን ልጅ አልወለዱም። ዳቲኒ በቤቱ ከምታገለግል ባሪያ ጂኔቭራ የተባለች ሴት ልጅ ወለደ። ነገሩ ለማርጌሪታ ቀላል ሊሆን አይችልም፤ ሆኖም ልጅቷን ተቀብላ እንደ ራሷ ልጅ አሳደገቻት።

ባል ለንግዱ ፍሎረንስ ሲከርም፣ ሚስት ፕራቶ ሆና ቤቱን ታስተዳድር ነበር። የሚገናኙት በደብዳቤ ነው። ማርጌሪታ መጀመሪያ በሌላ ሰው እጅ ታስጽፍ ነበር፤ ኋላ ግን ዕድሜዋ 30ን ካለፈ በኋላ ተምራ በገዛ እጇ መጻፍ ጀመረች። ከደብዳቤዎቿ ከ200 በላይ የሚሆኑት ዛሬም አሉ።

ዳቲኒ በ1410 ሲሞት አብዛኛውን ሀብቱን ለፕራቶ ድሆች ተናዘዘ፤ ቤቱም የበጎ አድራጎቱ መቀመጫ ሆነ። ፍሎረንስ ውስጥ ለተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ ደግሞ 1,000 ፍሎሪን ተወ። ከዚህ ገንዘብ የተጀመረው የኢኖቼንቲ ማሳደጊያ በ1445 ሕፃናትን መቀበል ጀመረ። ወላጆቹን በልጅነቱ ያጣው ሰው፣ ወላጅ የሌላቸውን አልረሳም።

150,000 ገደማ ደብዳቤዎቹና የሒሳብ መዝገቦቹ ግን ለዘመናት ከደረጃ ሥር ተረስተው ቆዩ። የተገኙት በ1870 ነው። ዛሬ ቤቱ ሙዚየምና ቤተ መዛግብት ነው። ተመራማሪዎች የዚያን ዘመን ንግድ ብቻ ሳይሆን የባልና ሚስቱን ኩርፊያና ዕርቅ፣ የጓዳውን ወጪ ጭምር ከእነዚህ ወረቀቶች ያነባሉ።

በየቤታችንም ከአልጋ ሥር የተቀመጠ ሣጥን አይጠፋም። ቤት ሲለቀቅ ወይም ሲታደስ፣ የአያት ደብዳቤ ከቆሻሻው ጋር ከመውጣቱ በፊት አንድ ጊዜ ለልጆች ይነበብ።