ሞተራቸው በጅራታቸው ስለ ነበረ አውሮፕላኖችና ስለ ድምፃቸው

የአውሮፕላን ወዳጆች በተገናኘንበት ሁሉ አንድ ክርክር ሳይነሣ አይቀርም፤ ይኸውም ሞተራቸውን በክንፋቸው ሥር ሳይሆን በጅራታቸው አጠገብ ይሸከሙ የነበሩት የቀድሞዎቹ ጄቶች፣ የአሜሪካው ቦይንግ 727፣ የእንግሊዙ ቪሲ 10፣ የፈረንሳዩ ካራቬልና የሶቭየቱ ኢሉሺን 62፣ ሲነሡ የሚያሰሙት ድምፅ ግርማ ነበረው፣ የዛሬዎቹ ግን ልሳናቸው እንደ ተዘጋ ያህል ናቸው የሚል ነው። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይኔን ከሰማይ ነቅዬ የማላውቅ የዚህ ማኅበር አንዱ ስለ ሆንሁ የወዳጆቼን ናፍቆት አልንቅም፤ ነገር ግን ይህ ናፍቆት ሊመሰገን የሚገባውን ሥራ ትቶ በማይገባው ላይ ያረፈ ስለሚመስለኝ፣ እነዚያ አውሮፕላኖች ስለ ምን እንዲያ ይጮኹ እንደ ነበርና ከጩኸታቸው ይልቅ ልናስታውስላቸው የሚገባው ጥበብ ምን እንደ ሆነ በዚህ ገጽ አብራርቼ ልጽፍ ወድጃለሁ።

የምጽፈው ከጣራ ገዳም ግርጌ ነው። ገዳሙ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው ጎዳና ላይ ካለችው ከአዲስ ዘመን ከተማ በላይ፣ በጥንት ዛፎች ተከብቦ በተራራው ላይ የተቀመጠ ነው፤ በካርታ ላይ ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር ቀጥ ያለ መስመር ቢሰመር ከዚህ ተራራ ብዙ ርቆ አያልፍም፤ ስለዚህም ወደ ጎንደር የሚወርደውን ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላንም ሆነ በላያችን አልፎ ወደ ሰሜን የሚሄደውን ጄት ለማዳመጥ ይህን የሚያህል ስፍራ በአገሩ ሁሉ ጥቂት ነው። የድምፅ ነገር አድማጩ ባለበት ስፍራ ጸጥታ መጠን የሚለካ ነውና፣ በቦሌ ጎዳና የቆመ ሰው በከፍታ የሚያልፈውን አውሮፕላን ፈጽሞ ሳይሰማ ሲቀር፣ በገዳሙ ደን ውስጥ በአርምሞ የተቀመጠ መነኩሴ ግን ከሩቅ መምጣቱን ያውቃል። ይልቁንም በሌሊት፣ የማሕሌት ሰዓት ሲሆን፣ በሸለቆው ውስጥ ያለው አየር ቀዝቅዞ ከበላዩ ያለው ሞቅ ብሎ ስለሚቆይ፣ ወደ ላይ ሊያመልጥ የነበረው ድምፅ ወደ ምድር ተመልሶ ይታጠፋልና፣ በቀን የማይሰማው የሩቅ መኪና እንኳ በሌሊት ቅርብ መስሎ ይሰማል።

በዚህ አገር ልጆች አውሮፕላን ሲሰሙ ወደ ሰማይ ቀና ብለው ድምፁ በመጣበት በኩል ይፈልጉታል፣ በዚያም አያገኙትም። ምክንያቱ እንዲህ ነው፤ አውሮፕላኑ ከራሳችን በላይ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሲያልፍ፣ ድምፁ በሰከንድ ከሦስት መቶ ሜትር ጥቂት ከፍ ባለ ፍጥነት ተጉዞ ጆሯችን ዘንድ እስኪደርስ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ አውሮፕላኑም በዚያች ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ወደ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ቀድሞ ይሄዳል። ስለዚህ አውሮፕላን ለማየት የሚሻ ሰው ድምፁ ካለበት ወደ ፊት ርቆ ሊመለከት ይገባዋል። ደግሞም ቀጭኑን ድምፅ አየር በመንገድ ሳለ ስለሚመጠው፣ ከሩቅ የሚደርሰን ወፍራሙና እንደ ነጐድጓድ ያለው ብቻ ነው፤ ወዳጆቼ ግርማ የሚሉትም አብዛኛው ይኸው ከመንገድ የተረፈው ነው።

አሁን ወደ ድምፁ ምንጭ እንግባ። ነሐሴ 13 ቀን በደብረ ታቦር በዓል፣ በተለይም ስሙን ከታቦር ተራራ በወሰደው በደብረ ታቦር ከተማችን፣ ልጆች ጅራፍ ሲያጮኹ የሚሰማው ድምፅ፣ ሊቃውንቱ በተራራው ላይ ለሐዋርያት የተሰማው የአብ ድምፅ ምሳሌ ነው ብለው የሚያስተምሩት፣ በሥነ ፍጥረት ሕግ ሲመረመር የጅራፉ ጫፍ ከድምፅ ፍጥነት በልጦ በመሄዱ የሚወለድ ነው። ከድምፅ ይፈጥን የነበረው ኮንኮርድ በምድር ላይ ያሰማው የነበረው ፍንዳታም ዓይነቱ ያው ነበር። የ727 ጩኸት ግን ከዚህ ልዩ ነው፤ አውሮፕላኑ ከድምፅ አይፈጥንምና። የእርሱ ጩኸት የሚመጣው ከሞተሩ ኋላ የሚወጣው ትኩስ ነፋስ፣ ጠባብና እጅግ ፈጣን ሆኖ፣ ባለበት ጸጥ ብሎ ከቆመው አየር ጋር ሲጋጭና ሲቀላቀል፣ በመካከላቸው ከሚፈጠረው ብጥብጥና አዙሪት ነው።

የዚህንም ብጥብጥ ሕግ እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጄምስ ላይትሂል በ1952 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ገለጠው። እርሱ እንዳገኘው የጄት ድምፅ ኃይል የሚያድገው የሚወጣው ነፋስ ፍጥነት ስምንት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው መጠን ነው። ይህ ቁጥር ቀላል መስሎ እንዳይታያችሁ፤ የነፋሱ ፍጥነት በግማሽ ቢቀነስ የድምፁ ኃይል በግማሽ ወይም በሩብ ሳይሆን ወደ 256ኛ እጁ ይወርዳል ማለት ነውና። አውሮፕላኑን ወደ ፊት የሚገፋው ኃይል ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚያልፈው አየር ብዛት ከፍጥነቱ ጋር ተባዝቶ የሚገኝ ስለ ሆነ፣ ጥቂት አየር በብዙ ፍጥነት መወርወርም ብዙ አየር በጥቂት ፍጥነት መግፋትም አንዱን ግፊት ሊሰጡ ይችላሉ፤ ልዩነታቸው የመጀመሪያው ይጮኻል፣ ነዳጅም ይበላል፣ ሁለተኛው ግን ዝግ ብሎና ቈጥቦ ይሠራል። በ727 ላይ የነበረው የፕራት ኤንድ ዊትኒ ጄቲ 8ዲ ሞተር ከእሳቱ ውጪ በዙሪያው የሚያሳልፈው አየር በእሳቱ ውስጥ ከሚያልፈው ጋር እኩል ገደማ ነበር፤ የዛሬዎቹ የድሪምላይነር ሞተሮች ግን በውስጥ ለሚያልፈው ለአንዱ እጅ በውጭ ዘጠኝ እጅ ያህል ያሳልፋሉ። የአፋቸው ስፋት ሰው ቆሞ የሚገባበት ያህል የሆነውም ስለዚህ ነው። እንግዲህ ወዳጆቼ የሚናፍቁት ያ ነጐድጓድ አውሮፕላኑን ሳይገፋ በከንቱ ወደ ኋላ የተበተነ ጉልበት ምልክት ነበር፤ ይህንም ካወቅሁ ወዲህ ድምፁን ስሰማ ደስ መሰኘቴ ባይቀርም፣ ላወድሰው ግን አልቻልሁም።

የጄቲ 8ዲን ስም ባነሣሁ ጊዜ ሌላም ነገር ሳላነሣ ማለፍ አይሆንልኝም። ያው ሞተር በክንፉ ሥር የተገጠመለት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ ሲነሣ የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮች ገብቶ ኃይላቸውን ስላጠፋው፣ ለመመለስ ሲሞክር ወድቆ ከ104ቱ ሰዎች 35ቱ ሞተዋል። በጣና ዙሪያ ለምንኖር ሰዎች የዚያን ዘመን ሞተር ድምፅ ማስታወስ ከእነዚያ ነፍሳት መታሰቢያ ተለይቶ የሚቆም አይደለም።

ታዲያ ከእነዚያ አውሮፕላኖች ምን እናስታውስ? እኔ እላለሁ፤ ክንፋቸውን። ሞተሩ ወደ ጅራት በመሄዱ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ንጹሕ ሆኖ ቀረ፤ በላዩ የሚያልፈውን ነፋስ የሚያውክ ተሸካሚ ብረት ስለሌለ፣ በፊትና በኋላ የሚዘረጉት ተንሸራታች ክፍሎችም ሙሉ ለሙሉ ስለሚከፈቱ፣ በዝግታ ሳለ እንኳ ብዙ ክብደት ይሸከማል። ለባሕር ጠረፍ አገሮች ይህ እንደ ትርፍ ጸጋ ሊቈጠር ይችላል፤ ለእኛ ግን የሕልውና ጉዳይ ነበር። የቦሌ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኝ ስለ ሆነ አየሩ ከጠረፍ አየር በአምስተኛ እጅ ያህል የሳሳ ነው፤ በሳሳ አየር ሞተር ይደክማል፣ ክንፍም ያንኑ ክብደት ለማንሣት ከመቶ 12 ያህል የበለጠ ፍጥነት ይጠይቃል፣ ስለዚህም መንደርደሪያው ይረዝማል። ደብረ ታቦርም፣ በዓለም የአየር ጉዞ መዝገብ ዲቢቲ በሚል ምሕፃር የተጻፈ ሜዳ ያላት፣ ከቦሌም በላይ ከፍ ብላ በ2,700 ሜትር ገደማ ትገኛለች።

የ727 አወላለድ ራሱ ከደጋ ጋር የተያያዘ ነው። ዩናይትድ የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ከፍ ባለችው በዴንቨር ምክንያት አራት ሞተር ሲሻ፣ አሜሪካን አየር መንገድ ለቍጠባ ሁለት ሞተር ይበቃል ሲል፣ ቦይንግ በመካከል ሦስት ሞተር አድርጎ ሁለቱን በጎን፣ አንዱን በጅራቱ ውስጥ አኖረው። በኋላው ሥር የሚከፈት የራሱ መሰላል ነበረው፣ በምድር ሳለ ኤሌክትሪክና ነፋስ የሚሰጥ ትንሽ ሞተርም በውስጡ ይዞ ነበርና፣ መሰላልና መሣሪያ በሌለበት ሜዳ ወርዶ ተሳፋሪ አራግፎ መነሣት ይችል ነበር። የእንግሊዙ ቪሲ 10ም እንዲሁ በግልጽ ለአፍሪካ ሞቃታማና ከፍተኛ ሜዳዎች፣ እንደ ናይሮቢ ላሉት፣ ታስቦ የተሠራ ነበር። በእኛም ምድር የመከራ ታሪክ አለው፤ ሚያዝያ 10 ቀን 1964 ዓ.ም. የምሥራቅ አፍሪካ አየር መንገድ ሱፐር ቪሲ 10 ከቦሌ ሊነሣ ሲንደረደር በመንገዱ የነበረ ብረት የፊት ጎማውን አፈንድቶበት፣ በረራውን ትቶ ሊቆም ሲል ከሜዳው ወጥቶ 43 ሰዎች አልቀዋል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ ጄቶቹን፣ ቦይንግ 720ዎቹን፣ በ1955 ዓ.ም. ሲቀበል የልደታ ሜዳ ስላልበቃቸው ቦሌ ተሠራ፤ 727ቹ የመጡት በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከፊት ወንበር የተቀመጠ ተሳፋሪ የነፋሱን ሹክሹክታ ብቻ እየሰማ ይሄድ ነበር፤ ጩኸቱ ሁሉ ለኋላ ወንበሮችና ለምድር ሰዎች ይቀር ነበር። ይህ ደግሞ ወዳጆቼ ልብ የማይሉት ነገር ነው፤ በአውሮፕላኑ ውስጥ ጸጥታውን የሚገዛው ባለ ትኬቱ ሲሆን፣ ዋጋውን በጆሮው የሚከፍለው ግን በሜዳው ዙሪያ በጎጆው የተኛው ሰው ነበር።

የጠፉበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። ሜዳዎች እየረዘሙ ሲሄዱ የንጹሕ ክንፍ ብልጫ እየቀነሰ ሄደ፤ ሞተር በጅራት ሲሆን አካሉ ይከብዳል፣ ነዳጁም ከክንፍ እስከ ጅራት ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ ሰፋ ያለው አዲሱ ሞተርም በጅራት ለመስቀል የሚመች አልሆነም። በመጨረሻም ሕግ መጣ፤ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በ1971 እ.ኤ.አ. የአውሮፕላን ድምፅ መጠን የሚወስን ደንብ አወጣ፣ በ1977 አጠበቀው፤ አሜሪካ በ1999 መጨረሻ፣ አውሮፓም በ2002 ጩኸታሞቹን ከሜዳዎቻቸው ከለከሉ። አንዳንዶቹ በሞተራቸው ጫፍ ድምፅ የሚያደክም ዕቃ ተገጥሞላቸው ጥቂት ዘመን ቆዩ። ዛሬ የጅራት ሞተር የቀረው በትናንሾቹ ጄቶች ነው፤ ክንፋቸው ለምድር ስለሚቀርብ ሞተር ከሥሩ ቢሰቀል መሬት ይነካልና።

ከፍታው ግን ዛሬም አልለቀቀንም። በቢሾፍቱ አቅራቢያ ለታቀደው ታላቅ ሜዳ ከሚነገሩት ምክንያቶች አንዱ ስፍራው ከቦሌ ዝቅ ማለቱና ከባድ አውሮፕላን ብዙ ጭነት ይዞ ሊነሣበት መቻሉ ነው። የትናንትናዎቹ መሐንዲሶች ይህንኑ ችግር በክንፍ ሲፈቱት፣ የዛሬዎቹ በሞተርና በቦታ ይፈቱታል።

ስለዚህ በ727 ዘመን በቦሌ የሠራችሁ አብራሪዎች፣ የበረራ መሐንዲሶችና መካኒኮች ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ በቀትር ሙቀት ምን ያህል ጭነት ትቀንሱ እንደ ነበር፣ የክንፉን ክፍሎች በስንት ዲግሪ ዘርግታችሁ ትነሡ እንደ ነበር፣ መካከለኛው ሞተር በሳሳው አየር እንዴት ይነሣ እንደ ነበር ጻፉልን፤ የድምፁ ቅጂ በየቦታው ሞልቷል፣ ይህ ዕውቀት ግን በእናንተ ዘንድ ብቻ ነው ያለው።