በየሦስት ወሩ የሚሰጠው የወሊድ መከላከያ መርፌና ሜኒንጂዮማ

መግቢያ

ሜኒንጂዮማ አንጎልንና ኅብለ ሰረሰርን ከሸፈኑት ስስ ሽፋኖች የሚነሣ ዕጢ ነው። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1922 የሰጠው አሜሪካዊው የአንጎል ቀዶ ሕክምና ሐኪም ሃርቬይ ኩሺንግ ነበር። ዕጢው አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም፤ እድገቱም አዝጋሚ ነው። ይሁን እንጂ የራስ ቅል የማይለጠጥ በመሆኑ ዕጢው እየተለቀ ሲሄድ አንጎልንና የዓይን ነርቭን ይጫናል፤ የሚጥል በሽታን፣ የአካል ድካምንና የዓይን ብርሃን ማጣትን ሊያስከትል ይችላል።

የሆርሞን ሚና

ሜኒንጂዮማ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ በእጥፍ ያህል ይበዛል። በእርግዝና ጊዜ ሊያድግ፣ ከወሊድ በኋላም መልሶ ሊያንስ እንደሚችል ታይቷል። ለዚህ ምክንያት ነው ተብሎ የሚታመነው በአብዛኞቹ ሜኒንጂዮማዎች ሕዋሳት ላይ የፕሮጄስትሮን ተቀባዮች መገኘታቸው ነው። ስለሆነም ፕሮጄስትሮንን የሚመስሉ ሰው ሠራሽ መድኃኒቶች ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ዕጢውን ሊያፋፉት ይችላሉ።

የጥናቶች ማስረጃ

ሁሉም የዚህ ወገን መድኃኒቶች እኩል አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2021 በፈረንሳይ የወጣ ጥናት ሳይፕሮቴሮን አሲቴት በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ አደጋው በከፍተኛ ደረጃ እንደሚጨምር፣ መድኃኒቱ ከተቋረጠ በኋላ ግን እንደሚቀንስ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 በዚያው አገር የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በሜኒንጂዮማ ምክንያት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 18,061 ሴቶች ከ90,305 ሌሎች ሴቶች ጋር አነጻጽሯል። በዚህም በመርፌ የሚሰጠውን ሜድሮክሲፕሮጄስትሮን አሲቴት 150 ሚሊ ግራም ለአንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ መጠቀም ከ5.6 እጥፍ ገደማ አደጋ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ሌቮኖርጀስትሬል ባለው ሉፕ ላይ ግን ጭማሪ አልታየም።

ይህን አኃዝ በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። መርፌው በፈረንሳይ እምብዛም ስለማይዘወተር በጥናቱ የተጠቀሙበት ሕሙማን 9፣ ከማነጻጸሪያው ወገንም 11 ብቻ ነበሩ። በሽታው ራሱ እምብዛም የማያጋጥም በመሆኑም እጥፉ ትልቅ ቢመስልም በአንዲት ተጠቃሚ ላይ የሚደርሰው አደጋ አነስተኛ ነው።

ለኢትዮጵያ ያለው ትርጉም

እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ካገቡ ኢትዮጵያውያን ሴቶች 27 በመቶው በመርፌ ይጠቀሙ ነበር። በፈረንሳይ ብርቅ የሆነው መድኃኒት በእኛ ጤና ኬላዎች የዘወትር አገልግሎት ነው። በሌላ በኩል ያልታቀደ እርግዝና በእናቶች ሕይወት ላይ የሚያስከትለው አደጋ እጅግ የከፋ ነው። ስለዚህ ሴቶችን አስደንግጦ ከመርፌው ማራቅ አይገባም፤ ጉዳዩን በዝምታ ማለፍም ተገቢ አይደለም።

የጤና ባለሙያው ድርሻ

ተጠቃሚዋ በየሦስት ወሩ ወደ ጤና ተቋም መምጣቷ መልካም አጋጣሚ ነው። በዚሁ ጊዜ፦

1. መርፌውን ለስንት ዓመት እንደተጠቀመች ከካርዷ ማረጋገጥ፤

2. ከዚህ በፊት ሜኒንጂዮማ እንደነበረባት መጠየቅ። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ አካል እ.ኤ.አ. በ2024 እንዲህ ያለች ሴት ለካንሰር ሕክምና ካልሆነ በቀር መርፌውን እንዳትወስድ መክሯል፤

3. ራስ ምታት የመርፌው የተለመደ የጎንዮሽ ጉዳት ቢሆንም፣ አዲስና እየባሰ የሚሄድ ከሆነ፣ ወይም ከእይታ መደብዘዝ፣ ከሚጥል በሽታ፣ ከመስማትና ከማሽተት መቀነስ ወይም ከእጅና እግር መዛል ጋር ከመጣ፣ በማስታገሻ ብቻ ሳይሸኟት ለአንጎል ምርመራ ወደ ሆስፒታል መላክ፤

4. መርፌውን ማቋረጥ ካስፈለገ በዚያው ዕለት ሌላ መከላከያ ማስጀመር። ሆርሞን የሌለው የመዳብ ሉፕ አንዱ አማራጭ ነው።

ማጠቃለያ

ሜኒንጂዮማ በጊዜ ከተደረሰበት በክትትል ወይም በቀዶ ሕክምና የሚረዳ በሽታ ነው፤ የጠፋ የዓይን ብርሃን ግን ሁልጊዜ አይመለስም። በመርፌ መስጫው ክፍል የሚቀርብ አንድ አጭር ጥያቄ ይህን ጉዳት ሊያስቀር ይችላል።